«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ»፦ ላሚቱን ሰማይ ያወጣት ማነው?

ግጥምና የማስታወቂያ ጽሑፍ መጻፍ የጀመርኩ ሰሞን ነው። ድሬዳዋ፣ ለገሃሬ፣ አክስቴ ቤት ቡና ላይ ተቀምጠናል። «አሁን ምን እየሠራህ ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። ሲኒዋን አስቀመጠችና «አቦ፣ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!» አለች። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ተረቱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። ብዙ ጊዜ አውጥቼ አውርጄዋለሁ። ዛሬ የደረስኩበትን ልጻፈው።

ትርጉሙን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። የማይጨበጥ ነገር ይዞ ለሚመካ ሰው ይተረታል። ሎተሪ ይወጣልኛል ብሎ ቤት ለሚያማርጥ፣ ዘመዴ ከውጭ ይልክልኛል ብሎ ሥራ ለሚፈታ። አክስቴም ማለት የፈለገችው ይህንኑ ነው። «በግጥም ማን በላ?» ማለቷ ነው።

ቃሉን ግን ቀስ ብላችሁ ስሙት። መጀመሪያ «ላም» ይላል፤ ከዚያ «አለኝ»። «ላም ብትኖረኝ» አላለም። «ላም ይሰጡኝ ይሆናል»ም አላለም። አለኝ ነው ያለው። ላሚቱ አለች፤ ባለቤቷም ይታወቃል። ችግሩ ያለችበት ቦታ ነው። ስለዚህ ተረቱ የሕልመኛ ብቻ አይደለም። ሀብቱ የራሱ ሆኖ ሳለ እጁ የማይደርስበት ሰውም ተረት ነው። እኔ ወደዚህኛው ትርጉም አደላለሁ።

ወተቱንም እንየው። ተረቱ ስለ ሥጋዋ አያወራም፣ ስለ ቆዳዋ አያወራም፣ ገበያ ስለምታወጣው ዋጋም አያወራም። ከብት ያለበት ቤት ያደገ ሰው ምክንያቱ ይገባዋል። ጥገት ላም ያለችበት ቤት ጠዋት ለሕፃኑ ወተት አለ፣ ለእንግዳ እርጎ አለ፣ ለገበያ ቅቤ አለ፣ ለጎረቤት አሬራ አለ። ላም የምትከበረው በየቀኑ ስለምትሰጥ ነው። ተረተኛው ደግሞ «አልጠጣም» እንኳን አላለም፤ «አላይ» ነው ያለው። መጠጣቱ ቀርቶ ዓይኔም አላየው ማለት ነው። «ሰማይ» እና «አላይ» ቤት እንዲመቱ ብቻ የተመረጡ አይመስሉኝም። ዓይን ወደ ላይ ይሄዳል፣ ባዶውን ይመለሳል።

በገጠር «የርቢ» የሚባል ስምምነት አለ። ላም ኖሮት ማርቢያ የሌለው ሰው ላሚቱን ለሌላ ሰው ይሰጣል። አርቢው ይቀልባል፣ ይጠብቃል፣ ወተቱንም ይጠጣል። የምትወልደውን ግን ይካፈላሉ። ባለቤቱ ወተቱን ባያይ እንኳ ከጥጃው ድርሻ አለው። ይህ ፍትሕ ነው፤ ውል አለበት። የሰማይዋ ላም ግን ጥጃዋም አይታይም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። አንድ መሥሪያ ቤት የምሥረታ በዓሉን ሊያከብር ግጥም አዘዘኝ። አራት ሌሊት ሠራሁበት። በዓሉ ቀን መድረክ ላይ ተነበበ፤ ሰው ቆሞ አጨበጨበ። ክፍያው ምሳና አንድ ሰርተፍኬት ነበር። «ገና ጀማሪ ነህ፣ ስምህ ይታወቅልሃል» አሉኝ። በዓመቱ ከግጥሙ አራት ስንኞች በካላንደራቸው ላይ ታትመው አየሁ። ስሜ የለም።

በዚያው በዓል ላይ ድንኳን ነበር። የድንኳን አከራዩ ቀብድ ሳይቀበል አንድ ካስማ አልተከለም። ሳውንድ ሲስተሙ ተከፍሎበታል። ኬኩ ተከፍሎበታል። ውሃው ሳይቀር ተከፍሎበታል። ማንም ሰው የድንኳኑን ባለቤት «ድንኳንህ ይታይልሃል» አላለውም። ቢለው ጭኖ ይሄድ ነበር፤ ትክክልም ነበር።

ሲሸኙኝ «እግዜር ይስጥልን» አሉኝ። ይህ ቃል ውብ ቃል ነው፣ ከልቤ እወደዋለሁ። ትርጉሙ ግን ልብ ይባል፦ እኛ ያልሰጠንህን እግዜር በእኛ ፈንታ ይስጥህ። ለመንገደኛ ውሃ ላጠጣ ሰው ይበቃል። አራት ሌሊት ለሠራ ሰው ሲሆን ግን ዕዳውን ወደ ላይ መላክ ነው። ላሚቱ ሰማይ የምትወጣው እንዲህ እንዲህ እየተባለ ነው።

በእኛ ከተማ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ ጎረቤት ናቸው። በአንዱ «የሚያበራየውን በሬ አፉን አትሰር» ይባላል። በሌላው «ለሠራተኛው ላቡ ሳይደርቅ ዋጋውን ስጡት» የሚለው የነቢዩ ቃል ይነገራል። ለቀን ሠራተኛ ሲሆን ሁላችንም እናምንበታለን። ሲሚንቶ የተሸከመን ሰው ሳይከፍል የሚሰድ ጎረቤት ሰፈሩ ሁሉ ያወግዘዋል። የጸሐፊ ላብ ግን ስለማይታይ የደረቀበት ሰዓትም አይታወቅም።

ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ የሚወስደው መንገድ «መኪና ግርግር» ይባላል። ስሙን ያወጣለት የልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ጨርቅህን ገዝተህ ትሰጣለህ፣ ሰፊው ይለካሃል፣ ዋጋ ይነግርሃል። ትከራከራለህ፤ መከራከር ያለ ነው። «መጀመሪያ በነጻ ስፋልኝ፣ ቆንጆ ከሆነ ሰው እነግርልሃለሁ» ብሎ የሚጀምር ግን አላጋጠመኝም።

ከዚያ ብዙም ሳይርቅ አንዲት እናት ስፌት ሲሰፉ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ይዤ ነበር። የሐረሪ ቤት ግድግዳ ላይ ስፌቶች በረድፍ ተሰቅለው ሲያይ እንግዳዬ አንዱን ወደደና ዋጋ ጠየቀ። ነገሩት። ደነገጠ። «እናቴ፣ ሳር እኮ ነው!» አለ።

አልተቆጡም። ገና የተጀመረች ስፌት ከጎናቸው አነሱ፤ የመዳፍ ታህል ናት። «ከጠዋት ጀምሮ ይቺን ነው የሰፋሁት» አሉት። ወስፌውን ሰጡት። በውሃ የራሰ ቀለም የነካው ሳር ሰጡትና «እስቲ አንድ ጊዜ አሳልፍ» አሉ። ወጋ። ወስፌው ጣቱን ጫረው። ሁለተኛ ሞከረ፤ ሳሩ ተበጠሰ። ሦስተኛው ገባ፣ ግን መስመሩን ስቶ ቀዩ ቢጫው ላይ ወጣበት። እሳቸው የሱን ፈትተው በቦታው አስገቡ። እጃቸው ሲሄድ ዓይናቸው ሥራው ላይ እንኳን አልነበረም። ከዚያ ቀና ብለው አዩት። «ሳሩ ምርቃት ነው ልጄ። የምትከፍለኝ ለዓይኔ ነው» አሉት።

እንግዳዬ የተጠራውን ዋጋ ሳይቀንስ ከፈለ። እኔ ደግሞ መልሱን ይዤው ወጣሁ። ግጥም አይተው «ወረቀትና እስክሪብቶ እኮ ነው» ለሚሉኝ፣ ዲዛይን አይተው «ኮምፒውተሩ አይደል የሚሠራው?» ለሚሉ ከዚህ የተሻለ ምላሽ የለኝም። ወረቀቱ ምርቃት ነው።

ሐረር ሆኖ ስለ ግጥምና ገንዘብ ሲያወሩ ፈረንሳዊውን ገጣሚ አርተር ራምቦን ማለፍ አይቻልም። በስሙ የሚጠራው ባለ መስታወቱ ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው፤ ቱሪስት ከፍሎ ይገባበታል። ሰውየው ሐረር የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ ነው። ቡናና ቆዳ ሊነግድ ነው የመጣው፤ ግጥሙን ከጣለ ዓመታት አልፈዋል። ከዚያ በፊት፣ በ1873፣ ብራስልስ ውስጥ አንዲት መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። የማተሚያውን ሒሳብ ስላልጨረሰ አብዛኛው ቅጂ መጋዘን ውስጥ ቀረ። የተገኘው በ1901 ነው፤ ገጣሚው ከሞተ አሥር ዓመት ሆኖታል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ 1886 ነው። በዚያ ዓመት ፓሪስ ውስጥ ግጥሞቹ በመጽሔት እየወጡ ነበር። እሱ ደግሞ በዛሬዋ ጅቡቲ፣ ታጁራ ወደብ ላይ ለምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ በግመል ለማስጫን ወራት ሙሉ ይለፋል። በማግስቱ ዓመት ሸዋ ደርሶ ጠመንጃውን ባሰበው ዋጋ ሳይሆን በቅናሽ ሸጠ። ገንዘቡንም ሐረር ላይ ከራስ መኮንን እንዲቀበል ወረቀት ተሰጠው። ጠመንጃው በኪሳራም ቢሆን ተከፈለው። ግጥሙ ግን አልተከፈለውም። ላሚቱ ፓሪስ እየታለበች ባለቤቷ እዚህ በረሃ ላይ ግመል ይጎትታል። የቤቱን በር ባየሁ ቁጥር ይህ ነው የሚመጣብኝ። ዛሬ በስሙ ትኬት ይቆረጣል፤ ፖስት ካርድ ይሸጣል። ጥሩ ነው፤ ለሐረር ጥሩ ነው። ለእሱ ግን በሕይወት እያለ አንድ ሲኒ ወተት አልሆነለትም።

በሕግ ከሆነ የኛ አገር ላም መሬት ላይ ናት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ገና በ1952 ዓ.ም. ለደራሲና ለሠዓሊ መብት አንቀጾች ሰጥቷል። ከዚያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መጣ። በዚህ አዋጅ አንድ ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው በተፈጠረበት ቅጽበት ነው፤ መመዝገብ ግዴታ አይደለም። የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ለወራሾቹ ይቆያል። በ2007 በወጣው ማሻሻያ፣ በቁጥር 872፣ ሥራዎችን ለገቢ የሚጠቀም ሮያሊቲ እንዲከፍልና የባለመብቶች ማኅበር እየሰበሰበ እንዲያከፋፍል መንገድ ተከፈተ።

ይህን በድሬዳዋ ምሳሌ ላሳያችሁ። አሊ ቢራ የድሬ ልጅ ነው። እዚሁ በአፍረን ቀሎ ቡድን ውስጥ በልጅነቱ ዘፍኖ አደገ፤ ስሙን እንኳ ያገኘው ከዘፈነው ዘፈን ነው። ያረፈው ጥቅምት 2015 ነው። እሱ በደረሳቸው ዜማዎች ላይ የወራሾቹ መብት እስከ 2065 ይዘልቃል ማለት ነው። ከመጋላ ከዚራ በባጃጅ ሲኬድ፣ አሸዋ ገበያ ሲገባ፣ ሳቢያን ሰርግ ሲጠራ ድምፁ አለ። ሰርጉን የሚያደምቀው ዜማ ነው። ለዜማው የሚከፈል ነገር ይኖር እንደሆነ ግን ከሰርገኛው ማንም አይጠይቅም። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። ዘፈን እንደ አየር የሚገኝ ነገር ሆኖ ስለለመድነው ነው። ሙዚቃ ከፍቶ ቢራ የሚሸጥ ቤት ለቢራው ፋብሪካ በየሳምንቱ ይከፍላል፤ ሰውን ወንበር ላይ ያቆየለት ግን ዘፈኑ ነው።

«ታዲያ ለምን አትተዉትም?» የሚሉን አሉ። ለእነሱም ሌላ የላም ተረት አለን። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። የሚጽፍ፣ የሚሥል፣ የሚዘፍን ሰው ሥራውን የማይተወው በዚህ ምክንያት ነው። አለመተዉ ግን በነጻ ይውሰዱት ማለት አይደለም። እናት ልጇን ስለምትወድ ያሳደገችውን ሁሉ አይነጥቋትም።

ዘንድሮ አንድ ሰው ደወለልኝ። ለምረቃ መጽሔት መክፈቻ ግጥም ይፈልጋል። ዋጋዬን ነገርኩት። ግማሹ ቀብድ፣ ስሜ ከግጥሙ ሥር፣ ሌላ ቦታ ለማተም እንደገና መነጋገር።

«አቦ፣ ለግጥም ደግሞ ቀብድ?» አለኝ።

«ድንኳን ተከራይታችኋል?» አልኩት።

«አዎ።»

«ቀብድ ከፍላችኋል?»

ዝም አለ። ከዚያ «እስቲ ልደውልልህ» ብሎ ዘጋ። የማይደውል መስሎኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ ድሬን እንደ ምጣድ ባጋላት ሰዓት፣ የቴሌብር መልእክት ገባ። የተስማማነው ግማሽ ነው፤ ሳይጎድል።

ወደ ለገሃሬ ስሄድ መንገድ ላይ አንድ ሊትር ወተት ገዛሁ። አክስቴ ዕቃውን ተቀብላ «ምንድነው ደግሞ ይሄ?» አለች። ስለ ቀብዱ ነገርኳት። ስልኩን ወስዳ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ምንም ሳትል ተነሳችና በወተት የሚፈላውን ሆጃ ጣደች።