ክሮስቦው በቀስት አደን ወቅት ይፈቀድ? የሚባለውና እውነታው

ሜሪላንድ የምንኖር ብዙ ሐበሾች አጋዘንን የምናውቃት በጓሮ ጎመናችን በኩል ነው። ማታ ለምልሞ ያደረው ጎመን ጠዋት አገዳው ብቻ ይቀራል። አደን ለመልመድ ስንነሳ ደግሞ የሚቀበለን ክርክር የክሮስቦው ነው። ክሮስቦው ማለት ደጋኑ አግድም የተጋደመ፣ እንደ ጠመንጃ ሰደፍና ምላጭ ያለው ቀስት ነው። እዚህ ጠመንጃ በዋናነት የሚፈቀደው ለ2 ሳምንት ያህል ሲሆን የቀስት ወቅት ግን ከመስከረም ጀምሮ ለወራት ይዘልቃል። በየግዛቱ የሚያከራክረው ክሮስቦው በቀስት ወቅት ውስጥ ይግባ ወይስ ይቅር የሚለው ነው። እኔ ይግባ ባይ ነኝ። ግን ከሁለቱም ወገን የማይሆን ነገር ይወራል።

«ቀስት የሚተኩስ ጠመንጃ ነው»

ሰደፉና መነጽሩ ያሳስታሉ። አውታሩን ለመሳብ የ80 ኪሎ ጉልበት የሚጠይቅ ክሮስቦው 32 ኪሎ ከሚጠይቀው ዘመናዊ የእጅ ደጋን፣ ከኮምፓውንድ፣ ሁለት እጥፍ ተኩል ይበረታል ይባላል። ስሌቱ ልክ አይደለም። የቀስቱን ጉልበት የሚወስነው የመሳቢያው ክብደት ብቻ ሳይሆን አውታሩ ቀስቱን እየገፋ የሚሄድበት ርቀትም ጭምር ነው። በክሮስቦው ይህ ርቀት አጭር ነው። መፍጠኑን ይፈጥናል፤ ብዙዎቹ በሰከንድ ከ105 እስከ 135 ሜትር ይወረውራሉ። ኮምፓውንድ 90 ገደማ ነው።

አሁን ጫካ ውስጥ እንየው። አጋዘኗ 40 ሜትር ላይ ቆማለች። ምላጩ ሲሳብ «ጧ» ይላል። ድምፁ በሰከንድ 340 ሜትር ስለሚጓዝ በ0.12 ሰከንድ ጆሮዋ ጋ ይደርሳል። በ120 ሜትር የሚበርረው ቀስት ግን 0.33 ሰከንድ ይፈጅበታል። በዚያች ቅጽበት ለመፈትለክ እግሯን ታጥፋለች፣ ደረቷ ዝቅ ይላል። ቀስቱ በጀርባዋ ላይ ያልፋል፤ ከባሰም አቁስሏት ትሄዳለች። የጠመንጃ ጥይት ከድምፁ ይቀድማል። ስለዚህ ክሮስቦው የያዘም ሰው መቅረብ አለበት። ከሳተ ደግሞ እግሩን ክሮስቦው ጫፍ ላይ ባለው እርካብ ውስጥ ከትቶ አውታሩን እንደገና እስኪያጠምድ አጋዘኗ የለችም።

«ችሎታ አይጠይቅም»

እዚህ ላይ ተቃዋሚዎቹ ግማሽ እውነት አላቸው፤ መካድ አይገባም። ኢላማ መምታት ባንድ ከሰዓት ይለመዳል። በእጅ ደጋን ግን ወራት ይወስዳል። ከባዱም ነገር እንስሳዋ እያየች አውታሩን መሳብ ነው፤ ክሮስቦው ቀድሞ ተጠምዶ ስለሚጠብቅ ከዚህ ይገላግላል። ነፋሱን ማንበብ፣ ዱካውን ማወቅ፣ ሳይንቀሳቀሱ ሰዓታት መቀመጥ ግን ለሁሉም እኩል ነው።

«አጋዘኑን ይጨርሳል»

ኦሃዮ ክሮስቦውን ከፈቀደች ከ40 ዓመት በላይ ሆኗታል። አጋዘኑ አላለቀም። ስንት ይታደን የሚለውን የሚወስነው በፈቃዱ ላይ ያለው ኮታ እንጂ መሣሪያው አይደለም። በ1900 አካባቢ በመላው አሜሪካ ነጭ ጅራት አጋዘን ወደ ግማሽ ሚሊዮን ወርዶ ነበር። ያን ያደረገው ገደብ ያልነበረው፣ ሥጋና ቆዳ ለገበያ የሚያቀርብ አደን ነው። ዛሬ በአስር ሚሊዮኖች ይቆጠራል።

«ለአካል ጉዳተኛና ለአዛውንት ብቻ ነው»

በብዙ ግዛቶች እንዲህ ነበር። ፔንሲልቬንያ በ2009 ለሁሉም ከፈተች፤ ዊስኮንሲን ከ2014 ጀምሮ ለክሮስቦው የራሱን ወቅት ሰጠች። ትከሻው የተጎዳ ጓደኛ ስላለኝ ይሄ ለውጥ በጣም ደስ ይለኛል። ሰው አርጅቶም ቢሆን ወደ ጫካ መሄዱን ባይተው ይሻላል።

«አሜሪካ ውስጥ የትም ይቻላል»

አይቻልም! ኦሪጎን ክሮስቦውን ለአደን ጨርሶ ትከለክላለች። ኮሎራዶ በጠመንጃ ወቅት ትፈቅዳለች፣ በቀስት ወቅት ግን፣ ከአካል ጉዳተኞች በቀር፣ አትፈቅድም። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ዴንቨር ለሚዛወር ወገን ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ ዕቃውን ከመጫኑ በፊት የግዛቱን የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ደንብ ያንብብ።

«ከጠመንጃ ይልቅ አያሰጋም»

አውራ ጣትህን ተጠንቀቅ። አውታሩ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ጣቱን ብቅ ያደረገ ሰው ጣቱን ሊያጣ ይችላል። ቀስት ሳይኖረው መልቀቅም ደጋኑን ሊሰብረው ይችላል። ማታ ከጫካ ስትወጣ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የተጠመደውን አውታር በእጅ ማላላት አይቻልም፤ አሮጌ ቀስት አስገብተህ ለስላሳ መሬት ላይ ትተኩሰዋለህ።