የወጣቶች ስፖርት በድሬዳዋ፦ በማኅበረሰብ አጋርነት የሚከፈቱ ሜዳዎች

በድሬዳዋ የወጣቶች ስፖርት ሲባል በትምህርት ቤት፣ በቀበሌ፣ በሰፈር ቡድንና «ፕሮጀክት» በሚባለው የታዳጊዎች ቡድን የሚካሄደውን ሥልጠናና ውድድር ሁሉ ያጠቃልላል። አስተዳደሩ፣ ፌዴሬሽኖችና ክለቦች የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ይሁን እንጂ አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከሰፈሩ ሳይርቅና ሳይከፍል፣ አሰልጣኝ ባለበት ሜዳ ላይ መጫወት መቻሉ በአብዛኛው የሚወሰነው ወላጆች፣ ነጋዴዎች፣ የቀድሞ ተጫዋቾች፣ እድሮችና ትምህርት ቤቶች እርስ በርሳቸው በሚያደርጉት ስምምነት ነው። ስምምነቱ አንዳንዴ ይጻፋል፤ ብዙውን ጊዜ ግን በቃል ብቻ ይቀራል።

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በድሬዳዋ አስተዳደር 341,834 ሰዎች የተቆጠሩ ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በከተማው፣ የቀሩት ደግሞ በዙሪያው ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ይኖሩ ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ዕድሜው ከ15 እስከ 29 ዓመት የሆነውን ነው፤ በሜዳ ላይ ግን ሥራው የሚጀምረው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ገና ከአሥር ዓመት በታች ካሉ ልጆች ነው። በ1990 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የስፖርት ፖሊሲ ሕዝቡ በሚኖርበት፣ በሚሠራበትና በሚማርበት አካባቢ በስፖርት እንዲሳተፍ የሚል ዓላማ ያስቀምጣል። በዚህ ጸሐፊ እምነት የፖሊሲው ትልቁ ቁም ነገር ይኸው ነው፤ ሦስቱም አካባቢዎች የሚያስተዳድራቸው ሰው አላቸውና፣ ያ ሰው በሩን ካልከፈተ ፖሊሲው ሜዳ አይደርስም።

ሙቀቱና ሰዓቱ

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ በ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ሞቃታማ ከተማ በመሆኗ የስፖርቷን መርሐ ግብር የሚያወጣው በመጀመሪያ ፀሐይ ነው። እኩለ ቀን ላይ ብዙ ሱቆች ይዘጋሉ፣ መንገዱም ጭር ይላል። ልጆችን ማሠልጠን የሚቻለው ማለዳ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ጥላው ሲረዝም ነው። ትምህርት ባለበት ቀን የማለዳው ሰዓት ስለማይሆን፣ የቀረው ከ10 ሰዓት እስከ ምሽት ያለው ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ጊዜ ብቻ ነው። የአዋቂዎች ቡድን፣ የታዳጊ ፕሮጀክቱ፣ የሴቶች ቡድንና ለእርስ በርስ ጨዋታ የሚመጣው የሰፈር ልጅ ሁሉም የሚፈልጉት ይህንኑ ሰዓት ነው። የሜዳ እጥረት ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት የመሬት እጥረትን ሲሆን፣ እዚህ ግን የሰዓት እጥረቱም ከእርሱ አያንስም።

በረመዳን ወር ሰዓቱ እንደገና ይዛወራል። ጾመኛ ተጫዋቾች ያሉበት ቡድን ሥልጠናውን ከማፍጠሪያው በፊት በነበረው አጭር ጊዜ ቀለል አድርጎ ይሠራል፣ ወይም መብራት ካገኘ ወደ ምሽት ያሸጋግራል። በቆጠራው መሠረት ከአስተዳደሩ ነዋሪ ሰባ ከመቶ ያህሉ ሙስሊም በመሆኑ፣ ይህን ያላገናዘበ የውድድር መርሐ ግብር የቡድኑን ግማሽ በገዛ እጁ ያስቀራል።

ከፋብሪካና ከባቡር የተወለደ ስፖርት

ከተማዋ የተቆረቆረችው የጅቡቲው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከቦታው ሲደርስ ነው። ሐዲዱ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልቻለ ከግርጌው ቀረ፤ በዙሪያውም ከዚራና መጋላ የተባሉት ሰፈሮች አደጉ። ስፖርቱንም ያሳደገው የሥራ ቦታ ነበር። የጥጥ ፋብሪካው የእግር ኳስ ቡድን፣ ሕዝቡ በአጭሩ «ኮተን» የሚለው፣ ከ1952 እስከ 1957 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት አራት ጊዜ፣ በ1975 ዓ.ም. ደግሞ አንድ ጊዜ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳው ብሔራዊ ቡድን አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎም ለኮተን የተጫወተ ሰው ነው። በ1968 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ስታዘጋጅ ድሬዳዋ ከአዲስ አበባ ጋር አስተናጋጅ ሆና፣ ናይጄሪያ፣ ሞሮኮ፣ ሱዳንና ዛየር የምድብ ጨዋታዎቻቸውን በከተማዋ አድርገዋል። ዋንጫውን የወሰደችው ሞሮኮም ጉዞዋን የጀመረችው ከዚሁ ነው።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለክብሩ ነው፤ ለዛሬው ጉዳይ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። በዚያ ዘመን ለስፖርቱ አጋር የነበረው አንድ ትልቅ ቀጣሪ ነበር። ሜዳውን፣ ማሊያውንና የጉዞ ወጪውን የሚችለው ፋብሪካው ሲሆን፣ የሠራተኛው ልጅ የአባቱን ቡድን እያየ ያድጋል፣ ሲደርስም ለዚያው ቡድን ይሞከራል። እንዲህ ያለው ሥርዓት ቀጣሪው እስካለ ድረስ ጠንካራ ነው። የጥጥ ፋብሪካው ሲዳከምና የድሮው ባቡር ወደ አዲስ አበባ መጓዝ ሲያቆም ግን ታዳጊዎችን በራሱ ወጪ የሚያሳድግ አንድ ብቸኛ ተቋም ጠፋ። ዛሬ በፕሪሚየር ሊጉ የምናየው «ብርቱካናማዎቹ» የሚባለው ድሬዳዋ ከተማ የአስተዳደሩ ክለብ ነው፤ ከእርሱ በታች ያለውን ሰፊ መሠረት ግን አንድ ክለብ ብቻውን ሊሸከመው አይችልም። የማኅበረሰብ አጋርነት ያስፈለገውም ለዚህ ነው፤ አንዱ ትልቅ አጋር የተወውን ቦታ ብዙ ትናንሽ አጋሮች እንዲሞሉት። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ነፃ የንግድ ቀጣና ሆኖ ሥራ የጀመረው አካባቢ አዳዲስ ቀጣሪዎችን ማምጣቱ በጎ ዕድል ነው፤ ሆኖም ተስፋን ሁሉ እንደገና በአንድ አጥር ግቢ ላይ መጣል የኮተንን ዕጣ መድገም ይሆናል።

ደቻቱና የትምህርት ቤት ግቢ

ሜዳ ያጣ ልጅ የሚሄደው ወደ ደቻቱ ነው። ከዚራንና መጋላን የሚለየው ይህ ወንዝ ዓመቱን በአብዛኛው ደረቅ አሸዋ ሆኖ ስለሚቆይ፣ ከሰዓት በኋላ በውስጡ ድንጋይ ለጎል ቋሚነት ተተክሎ አምስትና ስድስት ጨዋታ ጎን ለጎን ይካሄዳል። አሸዋው ኳሷን ስለሚይዛት መሬት ለመሬት ማቀበል አይሆንም፤ ስለዚህ የደቻቱ ልጆች ኳስን በአየር ማንሳት፣ በደረት ማብረድና በጠባብ ቦታ መዞር ቶሎ ይለምዳሉ። ጫማ ያለው በጫማ፣ የሌለው በባዶ እግሩ ይጫወታል፤ ከማሊያ ይልቅ ግማሹ ቲሸርት አውልቆ ግማሹ ለብሶ ቡድን ይለያል።

ነገር ግን ደቻቱ ሜዳ ሳይሆን ወንዝ ነው። ጎርፉ የሚመጣው ከላይ ከደጋው ስለሆነ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ሊደርስ ይችላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሎ፣ በሺዎች የሚቆጠሩትን ቤት አልባ አድርጓል። ትምህርት የሚዘጋውና የሰፈር ውድድሮች የሚበዙት ደግሞ በዚሁ በክረምት ነው። ልጆቹን ከአሸዋው ማባረር ቀላል ነው፤ የት ሂዱ እንደሚባሉ ማሳየት ነው ከባዱ።

መልሱ ብዙ ጊዜ ከአጥር ማዶ ነው። ሰፋ ያለ ግቢ ያላቸው ትምህርት ቤቶች ከትምህርት ሰዓት ውጭ፣ ቅዳሜና እሑድ፣ በክረምትም ሁለት ወር ያህል ባዶ ሆነው ይቆማሉ። ርእሰ መምህራን ግቢውን ለሰፈሩ ለመክፈት የሚያመነቱት ክፋት ይዟቸው አይደለም፤ መስኮት ቢሰበር፣ ወንበር ቢጠፋ፣ ልጅ ቢጎዳ ተጠያቂው ማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ነው። ስምምነት የሚጸናውም ይህ ጥያቄ አስቀድሞ ሲመለስ ነው። የሰፈሩ ስፖርት ኮሚቴ በየሳምንቱ ለሚገባው ቡድን አንድ ኃላፊ ይሰይማል፣ የተሰበረ የሚጠገንበት ትንሽ መዋጮ በእጁ ይይዛል፣ መጸዳጃ ቤቱን ተጠቅሞ አጽድቶ ይወጣል፣ ከትምህርት ቤቱ ልጆች የተወሰኑት በቡድኑ ውስጥ ቦታ እንዲያገኙ ያደርጋል። ከሁሉም በላይ ዘበኛውን አይረሳም። ቁልፉን የያዘው እርሱ ነው፤ ከ10 ሰዓት በኋላ የሚቆይበትን ሰዓት የሚክሰው ሰው ከሌለ፣ ርእሰ መምህሩ የፈቀዱት በር እንኳ ተዘግቶ ይገኛል። የሜዳ ነገር በደብዳቤ ተፈቅዶ በቁልፍ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው።

አጋሮቹና መዋጮው

በየሰፈሩ ያለው የታዳጊ ቡድን በተለምዶ «ፕሮጀክት» ይባላል፤ ከ13፣ ከ15 እና ከ17 ዓመት በታች እየተባለ በዕድሜ ይከፈላል። አሰልጣኙ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የተጫወተ፣ ቀን ሌላ ሥራ የሚሠራ፣ ከዚህ ሥራ ደመወዝ የማያገኝ ወይም አነስተኛ አበል ብቻ የሚያገኝ ሰው ነው። ስለዚህ የአጋርነቱ የመጀመሪያ ዕቃ ማሊያ ወይም ኳስ ሳይሆን የዚህ ሰው ጊዜ ነው፤ የባጃጅ ሒሳቡን፣ የስልክ ካርዱንና የአሰልጣኝነት ኮርስ ክፍያውን የሚሸፍንለት ማኅበር ያለው ፕሮጀክት ዓመታት ይቆያል፣ የሌለው አሰልጣኙ ሥራ ሲቀይር ይበተናል።

ነጋዴዎች መስጠት የሚወዱት ስማቸው የሚታተምበትን ማሊያ ነው። ይህ ክፋት የለውም፤ ሆኖም ማሊያ የሚሰጠው በዓመት አንድ ቀን ሲሆን ኳስ የሚቀደደው በየወሩ ነው። ልምድ ያላቸው ኮሚቴዎች ለጋሹን በማሊያው ፈንታ ሁለት ኳስና አንድ ጥንድ የጎል መረብ፣ ወይም በየወሩ የሚከፈል ትንሽ ገንዘብ ይጠይቃሉ። እድሮችና በሐረሪ ማኅበረሰብ ዘንድ ያለው አፎቻ የተቋቋሙት ለኀዘንና ለደስታ ቢሆንም፣ አባል መዝግቦ መዋጮ መሰብሰብን፣ ገንዘብ ያዥና ተቆጣጣሪ ለይቶ መሾምን ከማንም በላይ ያውቁበታል፤ ለሰፈር ስፖርት ኮሚቴ ከዚህ የቀረበ አርአያ የለም። ገንዘቡ በአንድ ሰው ኪስ የሚያድርበት ቡድን፣ ሰውየው የቱን ያህል ቅን ቢሆን፣ ሐሜት ከመምጣቱ አይድንም፤ ሐሜት የገባበት ቡድን ደግሞ በመጀመሪያ የሚያጣው ወላጆችን ነው።

የዕድሜ ጉዳይም የእምነት ጉዳይ ነው። ለማሸነፍ ሲባል ትልልቅ ልጆችን በትንንሾቹ ውድድር ማሰለፍ በአገሪቱ የታዳጊ ስፖርት ውስጥ የቆየ ቁስል ሲሆን፣ የሚጎዳው ቦታውን የተነጠቀው ትንሹ ልጅ ነው። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመሆኑ፣ ከዚያ ወዲህ የተወለዱትና የተመዘገቡት ልጆች ወደ ፕሮጀክት ዕድሜ መድረስ ሲጀምሩ የሰፈር ኮሚቴ ከግምት ይልቅ ወረቀት የማየት ዕድል ያገኛል።

ሴት ልጆች

ድሬዳዋ ከተማ የሴቶች ቡድንም አለው፤ ወደ እርሱ የሚያደርሰው መንገድ ግን ከወንዶቹ ይልቅ ጠባብ ነው። አንዲት ልጅ ሥልጠና ስታቋርጥ ምክንያቱ ስፖርቱን መጥላት እምብዛም አይደለም። ሥልጠናው ሲመሽ ያልቃል፣ መንገዱ ጨለማ ነው፣ ልብስ መቀየሪያ የለም፣ መጸዳጃው ተቆልፏል፣ ቤት ደግሞ ውሃ መቅዳትና ታናናሾችን መጠበቅ ይጠብቃታል። እነዚህን ችግሮች የሚፈታው የገንዘብ ብዛት ሳይሆን የሰዓት ድልድል ነው። ለሴቶች ቡድን የ10 ሰዓቱን የመጀመሪያ ፈረቃ መስጠት፣ ከአንድ አቅጣጫ የመጡትን አንድ ላይ መመለስ፣ ከአሰልጣኞቹ ቢያንስ አንዷን ሴት ማድረግ፣ ከምዝገባው በፊት እናቶችን ጠርቶ ማነጋገር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ሒጃብ ለብሶ ስለመጫወት የሚነሳው ጥያቄም በሕግ መልስ አግኝቷል፤ የዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ሕግ አውጪ አካል የራስ መሸፈኛን እ.ኤ.አ. በ2014፣ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽኑ ደግሞ በ2017 ፈቅደዋል። ይህን የማያውቅ ዳኛ አንዲትን ልጅ ከሜዳ ሲያስወጣ ጉዳቱ ከአንድ ጨዋታ በላይ ይሄዳል፤ ፈቃደኛ የነበረ አባት በማግስቱ ሐሳቡን ይለውጣልና።

ቅርጫት ኳስ፣ መረብ ኳስ፣ ጠረጴዛ ቴኒስና ቦክስ ከእግር ኳስ ያነሰ ቦታ ስለሚፈልጉ በወጣት ማዕከላትና በትምህርት ቤት ግቢ በቀላሉ ይስማማሉ። አካል ጉዳተኛ ልጆች ግን በአብዛኛው እስካሁን የሚመጡት ተመልካች ሆነው ነው።

ስምምነት በወረቀት

የትምህርት ቤት ሜዳ ስምምነቶች በብዛት የሚፈርሱት በመስከረም ነው። ክረምቱን ሙሉ በሩን ያስከፈቱት ርእሰ መምህር ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ይዛወራሉ፣ ተተኪው ስለ ቃል ስምምነቱ የሰሙት ነገር የለም፣ ዘበኛውም አዲስ መመሪያ እስኪመጣ ብሎ ይዘጋል። ልጆቹ ኳሳቸውን ይዘው አጥሩ ሥር አንድ ሁለት ቀን ይጠብቁና ወደ ደቻቱ ይመለሳሉ። ይህን ያዩ ኮሚቴዎች ሰዓቱን፣ ኃላፊውን፣ የጥገና መዋጮውንና የዘበኛውን ክፍያ በቃለ ጉባኤ አስፍረው ከወላጅ መምህር ኅብረትና ከቀበሌው ጋር ይፈራረማሉ፤ ማህተም ያረፈበት ወረቀት ለአዲሱ ርእሰ መምህር ከቁልፉ ጋር አብሮ ይሰጣል።