የጂን ሕክምና ፅንስ ላይ ሲሆን ለምን ይከለከላል?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ቡና ላይ አንዲት ጎረቤቴ "ሲክል ሴል የሚባለው የደም በሽታ በጂን ሕክምና ይድናል ካላችሁ፣ ፅንስ ላይ ለምን ይከለከላል?" አለችኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 እንግሊዝና አሜሪካ የፈቀዱት ሕክምና የታማሚውን የደም ግንድ ሴሎች (ደም የሚያመርቱትን) አውጥቶ፣ ጂናቸውን አስተካክሎ ይመልሳል። ለውጡ እሱው ጋ ይቀራል። ፅንስ ላይ ሲሆን ግን ለውጡ የሚወለደው ልጅ የዘር ሴሎች (እንቁላል ወይም የወንድ ዘር) ውስጥም ይገባል፣ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል።

ቻይናዊው ተመራማሪ ሄ ጂያንኩይ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ያደረገው ይህንን ነው። ልጆቹን ኤችአይቪ እንዳይዛቸው ብሎ፣ ቫይረሱ ወደ ሴል ለመግባት የሚጠቀምበትን በር የሚሠራውን ሲሲአር5 የተባለ ጂን በፅንስ ላይ ነካክቶ መንታ ሴቶች ተወለዱ። ቫይረሱ የነበረበት አባትየው ነው። የአባትን ዘር ፈሳሽ አጥቦ ልጁን ከቫይረሱ መጠበቅ ደግሞ ያኔም የታወቀ ዘዴ ነበር። ታዲያ ሕፃናቱን ጂን ለመነካካት አደጋ ማጋለጥ ምን አመጣው? ፍርድ ቤት 3 ዓመት እስራት ፈረደበት።

ደጋፊዎች "ከባድ በሽታ ከዘር ይነቀል" ይላሉ። ልጁን በእንዲህ ያለ በሽታ የቀበረ ወላጅ ፊት ይህን ማጣጣል ይከብደኛል። ተቃዋሚዎች ገንዘብ ያለው ብቻ ልጁን "ያሻሽላል" ብለው ይሰጋሉ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ጂኑ ሲነካ ሊፈጠር የሚችለው ስህተት ነው፤ ፈቃዱን ያልተጠየቀ ልጅ ዕድሜ ልኩን ይሸከመዋል። ለብዙ ጥንዶች ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፦ ከማህፀን ውጭ፣ በላብራቶሪ የተፀነሰውን መርምሮ በሽታው የሌለበትን መምረጥ።