በርሜሉ ካለበት ማደር፦ የእንግሊዝ ፐቦችና ሪል ኤል

እንግሊዝ አገር አንድ የገጠር ፐብ (መጠጥ ቤት) ገብታችሁ ባንኮኒውን ብታዩ ሁለት ዓይነት መቅጃ አለ። አንዱ እኛ ድራፍት የምንለውን ይቀዳል። ባሬስታው ጫን ሲያደርገው ቢራው በጋዝ ተገፍቶ ይንዠቀዠቃል። ሌላው ክንድ የሚያክል እጀታ ነው። ባሬስታው ጨብጦ ወደ ራሱ ይስበዋል፣ ይመልሰዋል፣ ደግሞ ይስበዋል። ሁለት ሦስቴ ሲደጋግመው ብርጭቆው ይሞላል። ቢራውን ከምድር ቤት ያወጣው የሰውየው ጡንቻ ነው። በዚህ መንገድ የሚቀዳው ቢራ ሪል ኤል (እውነተኛ ኤል) ይባላል፤ ኤል የቢራ ዓይነት ነው።

ስለ ፐብ ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው ምድጃው፣ ዝቅ ያለው ጣሪያና የጥንት ስሙ ነው። እነሱም ደስ ይላሉ። እኔ ግን የፐብ ልቡ ምድር ቤቱ ነው ባይ ነኝ። እዚያ የሚሠራውን ያወቀ ሰው ሌላው ሁሉ ይገባዋል።

ምድር ቤቱ

ጠላ ለሚያውቅ ሰው ሪል ኤልን ማስረዳት ቀላል ነው። ጠላ ጋን ውስጥ ሆኖም ሥራውን አያቆምም፤ ዛሬ የቀመሳችሁት ነገ ሌላ ነው። ሪል ኤልም እንደዚያው ነው። ጠማቂው ብቅሉን በሙቅ ውኃ ይዘፈዝፍና ውኃውን ያፈላል፤ የጌሾን ቦታ የሚይዘውን ሆፕ ይጨምራል፤ እርሾ ጨምሮ ያብላላዋል። ከዚያ በኋላ ግን አያጣራውም፤ እርሾውንም በሙቀት አይገድለውም። ቢራው እርሾው በሕይወት እያለ በርሜል ውስጥ ይገባል። ፋብሪካው የጀመረውን የሚጨርሰው ባለ ፐቡ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በርሜል ፈርኪን ይባላል። 41 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ በእነሱ መለኪያ 72 ፓይንት ነው። አንድ ፓይንት 568 ሚሊ ሊትር ስለሆነ ከግማሽ ሊትር በለጥ ይላል። በርሜሉ ምድር ቤት ሲደርስ በጎኑ ይጋደማል፤ እንዳይንከባለል በሽብልቅ ይደገፋል። ከዚህ በኋላ ማንም አያንቀሳቅሰውም። ወደ ላይ በዞረው ሆዱ ላይ ቀዳዳ አለ። ባለ ፐቡ እዚያች ላይ ጣት የምታክል ለስላሳ የእንጨት ውታፍ በመዶሻ ይመታል። እንጨቷ አየር ታሳልፋለች፤ ትርፉ ጋዝ በእሷ በኩል ይወጣል። በውታፏ ዙሪያ አረፋ ይፈላል። ባለ ፐቡ ይጠርገዋል፤ ተመልሶ ይመጣል፤ እንደገና ይጠርገዋል። አረፋው መመለሱን ሲያዘገይ ለስላሳዋን ውታፍ ነቅሎ በጠንካራ ይተካታል። የቀረው ጋዝ ከዚህ ወዲያ ቢራው ውስጥ መቆየት አለበት። ይህን ሰዓት ማወቅ ነው ሙያው።

አተላው እስከዚያ ወደ በርሜሉ ሆድ ይወርዳል። ቶሎ እንዲጠልል ብዙ ጠማቂዎች ከዓሣ የሚገኝ ማጥለያ ይጨምሩበታል፤ ከዓሣው የአየር ከረጢት የሚሠራ ነው። ይህን የማይፈልግ ሰው ቢጠይቅ ይነገረዋል። ማጥለያ የማይጨምሩ ጠማቂዎችም አሁን በርከት ብለዋል።

ምድር ቤቱ ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲሆን ይጠበቃል። እንግሊዞች ቢራ ሞቅ አድርገው ይጠጣሉ የሚባለው ወሬ ከዚህ የመጣ ነው። እንደ ወሬው ሞቃት አይደለም፤ የጓዳ ቅዝቃዜ ነው። ከዚህ በላይ ቢቀዘቅዝ የብቅሉና የሆፑ ጣዕም ይታፈናል።

አንድ ብርጭቆ በተቀዳ ቁጥር በቢራው ፈንታ አየር ወደ በርሜሉ ይገባል። አየር የገባበት ኤል ሦስት ቀን ያህል ቢቆይ ነው፤ ከዚያ ይሆመጥጣል። ስለዚህ ጠጪ የሌለው ፐብ ጥሩ ኤል ሊኖረው አይችልም። አሥር እጀታ ደርድሮ ጭር ካለ ቤት ሁለት እጀታ ይዞ የደመቀ ቤት ይሻላል። በርሜሉ ረጅም መንገድም አይወድም። ሲንገጫገጭ አተላው ይነሳል፤ እንደገና ማረፍ ይኖርበታል። ጥሩ ኤል ፍለጋ የወጣ ሰው እንግዲህ ራሱ ወደ በርሜሉ መሄድ አለበት። መሽቶበት ማደሩም ከጥንት የመጣ ነው።

ከኤል ቤት እስከ ኢን

በድሮ ጊዜ ሦስት ዓይነት ቤት ነበር። ኤልሀውስ ኤል የሚሸጥበት ተራ መኖሪያ ቤት ነው። ታቨርን ከተማ ውስጥ ወይን ጠጅ የሚቀዳበት ነው። ኢን ደግሞ አልጋ፣ ምግብና የፈረስ ጋጣ ያለው የመንገደኛ ማረፊያ ነው። የዛሬው ፐብ የሦስቱም ልጅ ነው።

በመካከለኛው ዘመን ኤል መጥመቅ በአብዛኛው የሴቶች ሥራ ነበር። የጠመቀችው ሲደርስላት ደጇ ላይ ረጅም እንጨት ታወጣለች፤ ጫፉ ላይ ቅጠል ወይም መጥረጊያ ታስራለች። ያለፈ ያገደመ ሁሉ አይቶ ይገባል። እንጨት ላይ ጣሳ ተደፍቶ ሲያይ ጠላ እንዳለ ለሚያውቅ ሰው ይህ ማብራሪያ አያሻውም። በ1393 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ንጉሥ ዳግማዊ ሪቻርድ ኤል የሚሸጥ ሁሉ ምልክት እንዲሰቅል አዘዘ። ኤሉን እየቀመሰ የሚቆጣጠረው ሹም ቤቱን እንዲያገኘው ነው። ዛሬ በየፐቡ ደጅ የምናየው ባለ ሥዕል ሰሌዳ ከዚያ ዘመን የወረደ ነው። ኋይት ሃርት የሚባሉት ፐቦች ስማቸው የሪቻርድ አርማ የነበረው ነጭ አጋዘን ነው። ሮያል ኦክ ደግሞ ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ በ1651 ዉስተር ላይ በጦርነት ተሸንፎ ሲሸሽ የተደበቀበትን የዋርካ ያህል ትልቅ ዛፍ ያስታውሳል።

ያኔ ኤል ሆፕ አልነበረበትም። ሆፕ የገባው ከሆላንድና ከቤልጅየም በኩል ነው፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን። መራራነቱ ቢራውን ከመበላሸት ስለሚያቆየው ቀስ በቀስ አገሩን ያዘው።

ኢኖቹ የደመቁት በሠረገላ ዘመን ነው። ለንደን ላይ፣ ከቴምዝ ወንዝ በስተደቡብ ሳዘርክ ውስጥ፣ ጆርጅ ኢን አሁንም አለ። ከእሳት አደጋ በኋላ በ1677 እንደገና የተሠራ ነው። ግቢውን የሚያዩ የእንጨት ሰገነቶች አሉት፤ ለንደን ውስጥ እንዲህ ያለ የሠረገላ ማረፊያ የቀረው እሱ ብቻ ነው። አልጋ ግን አያከራይም። ባቡር ሲመጣ የሠረገላው መንገድ ጭር አለ፤ ብዙ ኢኖችም ተዘጉ ወይም መጠጥ ብቻ የሚሸጡ ሆኑ።

አራቱ ወጣቶች

በ1960ዎቹ ሪል ኤል ሊጠፋ ደርሶ ነበር። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ትንንሾቹን ገዝተው ጨርሰዋል፤ ፐቦቹም የእነሱ ነበሩ። የተጣራና በጋዝ የሚገፋ ቢራ ለእነሱ ይቀላል። አይሆመጥጥም፣ ባለሙያ አይጠይቅም፣ የትም ቢወስዱት አንድ ነው። ዋትኒስ ሬድ ባረል የሚባለው ቢራ የዚያ ዘመን ምልክት ሆነ።

በ1971 ከሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ የመጡ አራት ወጣቶች አየርላንድ ለእረፍት ሄደው ዳንኩዊን በሚባል መንደር ባር ውስጥ ተቀምጠው ስለዚህ ነገር ተብከነከኑ። ማይክል ሃርድማን፣ ግራሃም ሊስ፣ ጂም ማኪንና ቢል ሜለር ይባላሉ። እዚያው ካምራ የተባለውን የሪል ኤል ዘመቻ መሠረቱ። እነዚህ ልጆች ገንዘብም ሥልጣንም አልነበራቸውም። የቢራቸው ጉዳይ ግን አንገብግቧቸው ነበር፤ ሰውም ተከተላቸው። ዛሬ ካምራ ከመቶ ሺህ በላይ አባላት አሉት። አባላቱ በየሰፈራቸው ፐብ እየዞሩ ቀምሰው ጥሩ ጥሩውን ይመርጣሉ፤ በየዓመቱም የፐብ መመሪያ ይወጣል። አንድ ተራ ጠጪ የአገሩን ቢራ ሊያድን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

ገብቶ ማዘዝ

ፐብ ውስጥ ተቀምጦ አስተናጋጅ መጠበቅ አይሠራም። ወደ ባንኮኒው ሄዶ ማዘዝና እዚያው መክፈል ነው። ሰልፍ የለም፤ ግን ማን ቀድሞ እንደመጣ ሁሉም ያውቃል። የአንድ ሰው ተራ ካለፈ "እሱ ይቀድመኛል" ማለት ወግ ነው። በቡድን ከሆናችሁ አንዱ ለሁሉም ይገዛል፤ ቀጥሎ ሌላው። ተራው ሲደርስ የሚጠፋ ሰው ስሙ ይነሳል።

ምን እንደምታዙ ካላወቃችሁ ቅመሻ ጠይቁ፤ ትንሽ ቀድተው ይሰጧችኋል። ቢተር የሚባለው ቡናማ ሆኖ መረር ይላል። ማይልድ ለስላሳና ብዙ ጊዜ ጠቆር ያለ ነው። ፖርተርና ስታውት ጥቁሮቹ ናቸው፤ የተቆላ ቡና ጣዕም የሚያመጡ አሉ። አብዛኛው ቢተር አልኮሉ 4 በመቶ አካባቢ ነው። ብርጭቆው ደፍርሶ ወይም ሆምጥጦ ከመጣ መመለስ ነውር የለውም፤ ደህና ባለ ፐብ ሳያጉረመርም ይቀይረዋል። አልኮል የማይጠጣ ሰውም ሻይ፣ ቡና ወይም ለስላሳ ይዞ እሳቱ አጠገብ ቢቀመጥ ማንም ቀና ብሎ አያየውም።

የት ይታደራል?

ብዙ የገጠር ፐቦች ፎቅ ላይ ጥቂት ክፍሎች አሏቸው። ከሌላቸውም በአካባቢው ቁርስ ጭምር የሚሰጥ የቤተሰብ ማረፊያ አይጠፋም።

ስለ አንዲት ከተማ ብቻ ንገረን ብትሉኝ ማሳምን እመርጣለሁ። ሰሜን ዮርክሻየር ውስጥ ያለች ሰፊ የገበያ አደባባይ ያላት ትንሽ ከተማ ናት። የቲክስተን ቤተሰብ ከ1827 ጀምሮ እዚህ ይጠምቃል። ኦልድ ፐኪውሊየር የሚባለው ጥቁርና ወፍራም ኤል የእነሱ ነው። በ1980ዎቹ ድርጅቱ ከቤተሰቡ እጅ ወጣ። ከቤተሰቡ አንዱ፣ ፖል ቲክስተን፣ በ1992 እዚያችው ከተማ ውስጥ የራሱን ፋብሪካ ከፈተና ጥቁር በግ ብሎ ሰየመው። በእንግሊዞች አባባል ጥቁር በግ ከዘመድ ያፈነገጠ ሰው ነው። ዋናው ፋብሪካም በ2003 ወደ ቤተሰቡ ተመለሰ፤ የእንጨት በርሜል የሚሠራ ባለሙያም እስከ ዛሬ አላጣም። ኋይት ቤር የተባለው የቲክስተን ፐብ አልጋ አለው። አደባባዩ ላይም ማረፊያ ይገኛል። በእግር ጠማቂ ቤት ጎብኝቶ ወደ አልጋ መመለስ የሚቻልባት እንዲህ ያለች ከተማ ብዙ የለችም።

ከማሳም ወደ ሰሜን ምዕራብ ርቆ ታን ሂል ኢን አለ። ባሕር ጠለል ላይ 528 ሜትር ከፍ ብሎ ያለ፣ የብሪታንያ ከፍተኛው ፐብ ነው። ለደጋ ሰው 528 ሜትር ምንም ላይመስል ይችላል። እዚያ ግን ዛፍ የለም፣ ጎረቤት የለም፤ ነፋሱና በረዶው ብቻ ነው። በኅዳር 2021 መጨረሻ በጣለው በረዶ 61 ያህል ሰዎች ሦስት ሌሊት እዚያው ታግደው አደሩ። ሙዚቃ ሊጫወት የመጣ ባንድም አብሯቸው ነበር።

በሌክ ዲስትሪክት ተራሮች መሀል፣ ግሬት ላንግዴል ሸለቆ ውስጥ፣ ኦልድ ደንጀን ጊል ሆቴል አለ። የተራራ ተጓዦች ባሩ ድሮ የከብት በረት ነበር፤ የላሞቹ ክፍልፋዮች አሁንም መቀመጫ ሆነው ይታያሉ። ከአምብልሳይድ የሚነሳው አውቶቡስ በሩ ላይ ያደርሳል። ድንኳን የያዘም አጠገቡ መስፈሪያ አለው።

ኮርንዎል ውስጥ ሄልስተን ላይ ያለው ብሉ አንከር የሣር ክዳን ቤት ነው። መጀመሪያ የመነኮሳት ማረፊያ ነበር። ካምራ ሲመሠረት እንግሊዝ ውስጥ የራሳቸውን ኤል ጓሮ የሚጠምቁ ፐቦች ከጣት የማይበልጡ ነበሩ፤ ብሉ አንከር አንዱ ነው። ኤሉ ስፒንጎ ይባላል፤ ጠንከር ስለሚል ቀስ ብሎ መያዝ ይሻላል። እንግዳ ማሳደሪያው ከጎኑ ነው። ሱመርሴት ውስጥ ኖርተን ሴንት ፊሊፕ መንደር ያለው ጆርጅ ኢን ደግሞ ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆመ ነው፤ ዛሬም መንገደኛ ያድርበታል።

ፐቦች እየተዘጉ መሆናቸውን ግን መደበቅ አይቻልም። በ2000 በመላው ብሪታንያ ከ60 ሺህ በላይ ነበሩ፤ አሁን 45 ሺህ አካባቢ ቀርተዋል። ግብሩ፣ ኪራዩ፣ የመብራቱ ዋጋና የሱፐርማርኬት ርካሽ ቢራ ተደማምረው ነው። ከምብሪያ ውስጥ የሄስኬት ኒውማርኬት ሰዎች ይህ እንዳይደርስባቸው በ2003 ገንዘብ አዋጥተው ኦልድ ክራውን የተባለውን ፐባቸውን ራሳቸው ገዙ። በብሪታንያ የመጀመሪያው የኅብረት ሥራ ፐብ ሆነ። ከጀርባው ያለውን ጠማቂ ቤትም ቀደም ብለው በዚሁ መንገድ ይዘውት ነበር።

ለማደር የምታስቡ ቅዳሜና እሁድን ቀድማችሁ ያዙ፤ ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው። የገጠር አውቶቡስ ምሽት ላይ ይቆማል፤ ጠጥቶ መንዳትም አይታሰብም፤ ስለዚህ አልጋው ሳይያዝ መውጣት አያዋጣም። እንቅልፍ የሚያስቸግረው ሰው ከባሩ በላይ ያልሆነ ክፍል ይጠይቅ። ጠዋት የሚቀርበው ቁርስ እንቁላል፣ ባቄላ፣ ቲማቲም፣ እንጉዳይና ዳቦ አለው፤ ከጎኑ ግን የአሳማ ሥጋና ቋሊማ ይመጣል። አሳማ የማትበሉ ወይም ጾም የያዛችሁ ማታውኑ ንገሯቸው፤ ጠዋት ለይተው ይሠሩላችኋል።