«ባህላዊ ስለሆነ ባለቤት የለውም»? ስለ ሳምፕል

ደብረ ብርሃን ውስጥ ቢት (የራፕ ማጀቢያ ሙዚቃ) የሚሠሩ ልጆች ደጋግመው ይጠይቁኛል። «የማሊ ኮራ (እንደ በገና ያለ ባለ ክር መሣሪያ) ቀረጻ ቆርጬ ራፕ ብሠራበት ምን አለበት? ባህላዊ አይደል?»

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይደባለቃል፤ ዜማውና ቀረጻው። ዜማው ከጥንት የመጣ ሊሆን ይችላል። ቀረጻው ግን የሆነ ቀን፣ የሆነ ሰው ተጫውቶት፣ ሌላው ቀድቶት የተገኘ ነው። ሳምፕል ማለት ያንን ድምፅ ራሱን ቆርጦ መውሰድ ነው። ዜማውን ራስህ በመሰንቆ ብትጫወተው ሳምፕል አይባልም።

የእኛው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 «ተዛማጅ መብት» የሚለው ይህንኑ የቀረጻውን መብት ነው። ለከዋኙም ለድምፅ ቀረጻው አዘጋጅም የ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። «አራት ሰከንድ ብቻ ከሆነ ነፃ ነው» የሚባለው የመንደር ወሬ ነው።

ከእኛም ይወሰዳል። ራፐሩ ናስና የሬጌ ዘፋኙ ዴሚያን ማርሊ በ2010 እ.ኤ.አ. የሙላቱ አስታጥቄን ሥራ ሳምፕል አድርገዋል።

አሁን መንዝ ሠርግ ላይ ነህ እንበል። አንድ አባት ጋቢያቸውን አጣፍተው ሲፎክሩ በስልክህ ቀዳሃቸው። «ዘራፍ!» ሲሉ ድምፃቸው ይሰነጠቃል፤ ከኋላ እልልታው ይቀልጣል። ያቺ ስንጥቅ ድምፅ የእሳቸው ናት። ፓሪስ ያለ ልጅ ሳይጠይቅ፣ ስማቸውን እንኳ ሳይጽፍ ቢሸጣት ደምህ ይፈላል። ኮራ ተጫዋቹም የአንድ መንደር አባት ነው።

ስለዚህ ፈቃድ ጠይቅ፣ ስሙን ጻፍ፣ ገንዘብ ከመጣ አካፍል። ለቅሶ ይሁን ጸሎት ሳታውቅ ደግሞ ከበሮ አትጫንበት፤ 50 ዓመቱ ያለፈ ቢሆንም።