ቀለማማ ዓሦችና የቤት ውስጥ አኳሪየም በአዲስ አበባ ዳርቻ

ከሱሉልታ እስከ አቃቂ፣ ከለገጣፎ እስከ ሰበታ፣ በአዲስ አበባ ዳርቻ ዓሣን ለጌጥ የሚያኖር ሰው የመጀመሪያ ፈተናው ብርዱ ነው። አካባቢው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ደጋ በመሆኑ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ሳሎን ውስጥ የተቀመጠ ውሃ እንኳ ይቀዘቅዛል። ከፍታው ሌላም ነገር ይዞ ይመጣል። አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ በውጭ አገር መመሪያ ላይ ለአንድ ገንዳ የተጻፈውን የዓሣ ቁጥር እዚህ መቀነስ ተገቢ ነው።

ለዚህ አየር ከሁሉም የሚስማማው ጎልድ ፊሽ ነው። የካርፕ ዘመድ ሲሆን መነሻው ቻይና ነው። በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን (960–1279 እ.ኤ.አ.) በኩሬ ከሚረቡት ደብዛዛ ዓሦች መካከል ብርቱካናማ ሆነው የሚገኙትን እየለዩ ማዳቀል ተስፋፋ፤ ወደ አውሮፓ የደረሰው በ17ኛው መቶ ዘመን ነው። ዛሬ ራሱ ላይ ሥጋ የሚያበቅለው ኦራንዳና ዓይኑ የወጣው ብላክ ሙር ከዚያው ዘር የተገኙ ናቸው። ጫጩቱ ሲፈለፈል ወርቃማ አይደለም፤ ቀለሙ የሚወጣው ከወራት በኋላ ነው። ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ይመቸዋል፤ ሂተር (የውሃ ማሞቂያ) ሳይኖረውም ደጋውን ይችላል። በክብ ብርጭቆ ሳህን ይኖራል የሚባለው ግን ስህተት ነው። ጎልድ ፊሽ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ያድጋል፣ ውሃውን ብዙ ያቆሽሻል፣ በደንብ ከተያዘ ደግሞ ከአሥር ዓመት በላይ ይኖራል። እንግሊዝ አገር 43 ዓመት የቆየ ተመዝግቧል። ሆዱ ተነፍቶ በጎኑ ሲንሳፈፍ ተቀቅሎ የተላጠ አተር መስጠት ይረዳዋል ይባላል።

ጉፒ፣ ሞሊና ፕላቲ የሚባሉት ትናንሽ ዓሦች እንቁላል አይጥሉም፣ ይወልዳሉ። የጉፒ እናት በየአራት ሳምንቱ ገደማ ትወልዳለች፤ አንዴ ከወንድ ጋር ከተገናኘች በኋላ ወንድ ሳይኖርም ለወራት መውለድ ትችላለች። የታይላንዱ ቤታ ዓሣ ከውሃው ላይ አየር ይስባል፤ ሁለት ወንዶች ግን በአንድ ገንዳ አይኖሩም። ኔዎን ቴትራ የአማዞን ዓሣ ነው።

እነዚህ 24 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ስለሚወዱ ሂተር ያስፈልጋቸዋል። ለ60 ሊትር ገንዳ ከ50 እስከ 100 ዋት ይበቃል። መብራት ሲጠፋ ልምድ ያለው ሰው ገንዳውን በጋቢ ጠቅልሎ ከላይ ክፍተት ይተዋል። ዓሦቹ አፋቸውን ወደ ውሃው ገጽ እያወጡ መጉረስ ከጀመሩ አየር አጥሯቸዋል ማለት ነው። ያን ጊዜ በኩባያ ውሃ ከገንዳው እየቀዱ ከስንዝር ከፍታ መልሶ ማፍሰስ የአየር ፓምፑን ለጊዜው ይተካል። ይህ የደጋ ሰው ብልሃት ብዙ ዓሣ አትርፏል።

ውሃው እንደ ሰፈሩ ይለያያል። ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከተማዋን የሚያጠጣው የለገዳዲ ግድብ ውሃ በክሎሪን የሚታከም ሲሆን ክሎሪን የዓሣን ስንጥብ (መተንፈሻውን) ያቃጥላል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰው ከሮቶ ወይም ከቧንቧ የቀዳውን በሰፊ ባልዲ ክፍቱን አንድ ቀን ያሳድረዋል። የአቃቂ ጉድጓዶች ውሃ ከእሳተ ገሞራ ዐለት ስለሚወጣ ማዕድን አለው፤ ለሞሊና ሲክሊድ ለሚባሉት የማላዊ ሐይቅ ቢጫ ዓሦች መልካም ነው። አዲስ ገንዳ ከዓሣ ኩስ የሚወጣውን አሞኒያ የሚለውጡ ባክቴሪያዎችን ለማፍራት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል፤ በብርድ ይዘገያል። የፊልተሩ ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ ከታጠበ እነዚያ ባክቴሪያዎች ያልቃሉ፤ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ መታጠብ አለበት።

ዳርቻው የአገሪቱ የዓሣ ዕውቀት ዋና ቤትም ነው። ሰበታ ያለው ብሔራዊ የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል የቆሮሶ (ቲላፒያ) ጫጩት እያባዛ ለአርቢዎች ያሠራጫል። ሥራው ለምግብ ዓሣ ቢሆንም ለጌጥ ዓሣም ይጠቅማል፤ ቆሮሶ የማላዊ ሲክሊዶች ዘመድ ነውና እናቲቱ እንደነሱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች።

የተረፈን ዓሣ ወደ አቃቂ ወንዝ መጣል ክልክል ሊሆን ይገባል፤ ወንዙ አዋሽ ይገባል፣ ጎልድ ፊሽም ጭቃ እየናጠ የሌሎችን እንቁላል ይበላል። ለጎረቤት መስጠት ይሻላል። ፌስታሉ ሲሶው ውሃ፣ የቀረው አየር ይሁን። ሲደርስ ሳይፈታ ገንዳው ላይ 20 ደቂቃ ይንሳፈፍ፤ ከዚያ ዓሣው በመረብ ይገባል እንጂ የፌስታሉ ውሃ አይገለበጥም።