በላቦራቶሪ ውጤት ላይ «ኤም አይ ሲ» የሚባለው ቁጥር እንዴት ይነበባል?

የሽንት ምርመራ ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ አሳይቶ፣ ከሥሩ የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ስም ከነቁጥራቸው «አምፒሲሊን 4፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን 1» ተብሎ ቢጻፍ ብዙ ሰው ትንሹን ቁጥር አይቶ ሲፕሮ ይሻላል ይላል። እዚህ ላይ ግን ባክቴሪያው የተላመደው ሲፕሮን ነው፤ አምፒሲሊን ይሠራበታል።

ቁጥሩ የባክቴሪያውን ዕድገት የሚገታው ዝቅተኛው የመድኃኒት መጠን ነው፤ በሚሊግራም በሊትር ይለካል። በተደረደሩ ትንንሽ ጉድጓዶች ውስጥ መድኃኒቱ በግማሽ እየቀነሰ (8፣ 4፣ 2፣ 1፣ 0.5) በፈሳሽ ማሳደጊያ ይዘጋጃል። በሚሊሊትር 500,000 ያህል ባክቴሪያ ይጨመርና በ35 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ16 እስከ 20 ሰዓት ይቆያል። የደፈረሰው ጉድጓድ ባክቴሪያ አድጎበታል፤ ጥርት ብለው ከቀሩት ውስጥ አነስተኛው መጠን ውጤቱ ነው። ባክቴሪያው ከልክ በላይ ከተጨመረ ቁጥሩ በሐሰት ከፍ ሊል ይችላል። የአንድ እርከን ልዩነትም፣ ለምሳሌ 2 እና 4፣ ከምርመራው የተለመደ መዋዠቅ አይወጣም።

እያንዳንዱ መድኃኒት በሰውነት ውስጥ የሚደርስበት መጠን ስለሚለያይ የየራሱ ወሰን አለው። ለኢ. ኮላይ አምፒሲሊን እስከ 8 ድረስ ይሠራል፤ ሲፕሮ ግን ከ0.5 ካለፈ አይታመንም። ስለዚህ የሁለት መድኃኒቶችን ቁጥር እርስ በርስ ማወዳደር ስህተት ነው፤ የሚታየው ከጎኑ ያለው ፊደል ነው። «ኤስ» (S) ይሠራል፣ «አር» (R) አይሠራም ማለት ነው። «አይ» (I) ደግሞ፣ ዩካስት የተባለው የአውሮፓ ኮሚቴ በ2019 ትርጉሙን ከቀየረ ወዲህ፣ በእሱ መመሪያ «ያጠራጥራል» ማለት አይደለም፤ የሚሰጠው የመድኃኒት መጠን ከፍ ሲል ወይም መድኃኒቱ በሕመሙ ቦታ ሲጠራቀም ይሠራል ማለት ነው።